ፓላዲየም ወንፊት አይደለም፦ ሃይድሮጅን ቀዳዳ በሌለው ብረት ውስጥ እንዴት ያልፋል?

እስቲ ከወጥ ቤት አንድ ወንፊት አንሡ። ደቃቁ ዱቄት ያልፋል፣ ሻካራው ከላይ ይቀራል። አሁን ወንፊቱን አስቀምጡና የድስት ክዳን አንሡ። ቀዳዳ የለውም። ዱቄት ብታፈሱበት አያልፍም፣ ውሃ ብታፈሱበት አያልፍም፣ አየርም አያልፍም። ታዲያ ልጠይቃችሁ፦ ይህን ክዳን ሰንጥቆ ወዲያ ማዶ የሚወጣ ነገር ያለ ይመስላችኋል?

መልሱ ክዳኑ ከምን እንደተሠራ ይወሰናል። ፓላዲየም ከሚባል ብረት ከሆነና ሞቅ ካደረጋችሁት አንድ ጋዝ ብቻ ያልፋል፤ እሱም ሃይድሮጅን ነው። ናይትሮጅን አያልፍም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አያልፍም፣ ሚቴን አያልፍም። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ሂሊየምም አያልፍም! የሂሊየም አቶም ከሃይድሮጅን ሞለኪውል ያንሳል። ፓላዲየም ወንፊት ቢሆን ኖሮ ትንሹ ሂሊየም መቅደም ነበረበት። ስለዚህ እዚህ የሚሠራው የቀዳዳ መጠን አይደለም ማለት ነው። ሌላ ነገር ነው።

እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። አሁን የድኅረ ምረቃ ተማሪ ስሆን የምመራመረው በእነዚህ ስስ የፓላዲየም ሽፋኖች ላይ ነው። ስማቸው ሜምብሬን ይባላል። ዛሬ እንዴት እንደሚሠሩ፣ እንዴት እንደሚሰበሩ (አንዱን ራሴ ሰብሬያለሁ) እና ከጣና ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው ላስረዳችሁ።

በሱቅ የተዋወቀው ብረት

ፓላዲየም ወደ ዓለም የመጣበት መንገድ ራሱ ደስ ይላል። እንግሊዛዊው ዊልያም ሃይድ ዎላስተን ከፕላቲኒየም ማዕድን ውስጥ አዲስ ብረት ለይቶ አወጣ። ግኝቱን ግን በሳይንስ ማኅበር ፊት ቆሞ አላወጀም። እ.ኤ.አ. በ1803 ስሙን ደብቆ ለንደን ውስጥ ባለ አንድ ሱቅ ለሽያጭ አቀረበው፤ የብረቱን ጠባይ የሚዘረዝር ወረቀትም አብሮ ተበተነ። አንዳንድ ኬሚስቶች «ይሄ የተቀየጠ ማጭበርበሪያ ነው» ብለው ተከራከሩ። ዎላስተን ኋላ ላይ ባለቤቱ እሱ መሆኑን ገለጸ።

ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1866፣ ስኮትላንዳዊው ቶማስ ግሬሃም ሌላ ጉድ አገኘ። ፓላዲየም የራሱን ይዘት ከ600 እጥፍ በላይ የሚሆን ሃይድሮጅን ጋዝ ይውጣል። አንድ ሊትር የሚሞላ ብረት ከ600 ሊትር በላይ ጋዝ ዋጠ እንደ ማለት ነው። ደረቅ ስፖንጅ ውሃ የሚይዘው ባሉት ቀዳዳዎች ነው፤ ይህ ብረት ግን ቀዳዳ የለውም።

በነገራችን ላይ የፓላዲየም ዘመድ የሆነው ፕላቲኒየም በአገራችንም አለ። ምዕራብ ወለጋ ዩብዶ ላይ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲወጣ ኖሯል። የዓለም ፓላዲየም በብዛት የሚመጣው ግን ከሩሲያና ከደቡብ አፍሪካ ነው።

አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ታንኳ

ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ሃይድሮጅን ጋዝ ሲሆን አቶሞቹ ብቻቸውን አይሄዱም፤ ሁለት ሁለት ሆነው ተቆላልፈው ነው የሚዞሩት።

ጣና ዳር ቆማችኋል እንበል። ሁለት ጓደኛሞች ወደ አንዱ ደሴት መሻገር ፈልገዋል። ዳር ላይ የታሰሩት የደንገል ታንኳዎች ግን በጣም ትንንሽ ናቸው፤ አንዱ ታንኳ አንድ ሰው ብቻ ይይዛል። ምን ያደርጋሉ? ይለያያሉ፣ በየታንኳቸው ይሻገራሉ፣ ደሴቱ ላይ ደርሰው ደግሞ ጥንድ ይሆናሉ። ፓላዲየም ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሃይድሮጅኑ ሞለኪውል የብረቱን ገጽ ይመታል። ጋዝ ውስጥ እያለ ሁለቱን አቶሞች ለማለያየት በሺዎች ዲግሪ የሚቆጠር ሙቀት ያስፈልግ ነበር። የፓላዲየም ገጽ ግን ሁለቱንም አቶሞች ወደ ራሱ ስለሚስብ በቀላሉ ያላቅቃቸዋል። ቀጥሎ እያንዳንዱ አቶም ወደ ውስጥ ይገባል። የፓላዲየም አቶሞች እንደተደረደረ ብርቱካን በሥርዓት የተደረደሩ ናቸው፤ በብርቱካኖቹ መካከል ትንንሽ ክፍተቶች አሉ አይደል? ሃይድሮጅን በስድስት የፓላዲየም አቶሞች የተከበበች እንደዚህ ያለች ክፍተት ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ወደ ጎረቤት ክፍተት ይዘላል። እንደገና ይዘላል። በመጨረሻ ወዲያ ማዶ ገጽ ላይ ሲደርስ ሌላ አቶም ይፈልጋል፤ ይጣመራሉ፣ ጋዝ ሆነው ይወጣሉ።

ሂሊየም ለምን እንዳላለፈ አሁን ገባችሁ? ሂሊየም ከማንም ጋር የማይጣበቅ ጋዝ ነው። ገጹ አይስበውም፣ ብረቱም ውስጥ አይሟሟም። ትንሽ ስለሆነ ብቻ ታንኳ አይሰጠውም። ናይትሮጅንስ? የሁለቱ አቶሞች ትስስር እጅግ ጠንካራ ነው፤ ቢላቀቁም እንኳ በእነዚያ ክፍተቶች ውስጥ እንደ ሃይድሮጅን አይመቻቸውም።

ዝላዩ ደግሞ የዋዛ እንዳይመስላችሁ። በ400 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ የሃይድሮጅን አቶም በሰከንድ በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠር ጊዜ ይዘላል። ወዴት እንደሚሄድ ግን አያውቅም፤ ወደፊትም ወደኋላም ወደ ጎንም ይዘላል። አምስት ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ሽፋን ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ የአቶም ንጣፎች አሉ። እንዲያ እየተደናበረም ቢሆን በጥቂት ሚሊሰከንድ ያቋርጠዋል። ታዲያ አቅጣጫ ካልመረጠ ለምን ከአንዱ ወደ ሌላው ጎን ብቻ ይፈስሳል? ምክንያቱም በአንዱ ጎን ብዙ አቶሞች አሉ፣ በሌላው ጥቂት። ከብዙዎቹ በኩል የሚመጡት በቁጥር ይበልጣሉ። በቃ ይኸው ነው።

የዳግም ዘር ጨዋታ፣ እና የባሕር ዳር ትንሽ ጥቅም

ብዙ ሰው «ግፊቱን አራት እጥፍ ካደረግሁ አራት እጥፍ ሃይድሮጅን ይሟሟልኛል» ብሎ ይገምታል። አይደለም፤ ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። በብረቱ ውስጥ የሚሟሟው የሃይድሮጅን መጠን የሚከተለው የግፊቱን ዳግም ዘር፣ በለመድነው አጠራር ስኩዌር ሩቱን ነው። ይህ ሕግ በጀርመናዊው ኬሚስት በአዶልፍ ሲቨርትስ ስም ይጠራል።

ለምን ዳግም ዘር? ከታንኳው ታሪክ በራሳችን ልናወጣው እንችላለን። ወደ ብረቱ የሚገቡት ሞለኪውሎች ቁጥር ከግፊቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ይሄ ግልጽ ነው። ለመውጣት ግን ሁለት አቶሞች መገናኘት አለባቸው። አዳራሽ ውስጥ ያሉ ሰዎች ቁጥር በእጥፍ ቢጨምር ሊጨባበጡ የሚችሉት ጥንዶች አራት እጥፍ ገደማ ይሆናሉ። ስለዚህ መውጫው በአቶሞቹ ብዛት ካሬ ያድጋል። መግቢያና መውጫ እኩል የሚሆኑት የብዛቱ ካሬ ከግፊቱ ጋር ሲመጣጠን ነው። ብዛቱን ብቻ ከፈለጋችሁ የግፊቱን ዳግም ዘር ትወስዳላችሁ።

በሽፋኑ ውስጥ የሚፈስሰው መጠን ደግሞ በሁለቱ ጎኖች ዳግም ዘሮች ልዩነት ይወሰናል። አሁን እንቁጠር። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቷ 0.81 ባር አካባቢ ነው፤ ውሃም በ94 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ለዚህ ነው። ከባዶ ጀምሮ ሲለካ 4 ባር የሆነ ሃይድሮጅን በአንድ ጎን አድርገን፣ ሌላውን ጎን ለከተማው አየር ግፊት ክፍት እንተወው።

ጅቡቲ ወደብ ላይ፦ የ4 ዳግም ዘር 2 ነው፣ የ1 ዳግም ዘር 1 ነው። ልዩነቱ 1።
ባሕር ዳር ላይ፦ የ4 ዳግም ዘር 2 ነው፣ የ0.81 ዳግም ዘር 0.9 ነው። ልዩነቱ 1.1።

ያው አንድ ዓይነት ሽፋን፣ ያው አንድ ዓይነት ግፊት፣ ግን ባሕር ዳር ላይ በ10 በመቶ የበለጠ ሃይድሮጅን ያልፋል። ከፍታችን ሻይ ለማፍላት ባይመችም ለፓላዲየም ይመቻል ማለት ነው።

ለምን ስስ? ለምንስ በጣም ስስ አይሆንም?

ሽፋኑ በግማሽ ሲሳሳ ፍሰቱ በእጥፍ ይጨምራል። ግን ትልቁ ትርፍ ሌላ ቦታ ነው። በሰዓት የተወሰነ ሃይድሮጅን ማጣራት ፈለጋችሁ እንበል። ውፍረቱን በአሥር ብታሳንሱት የሚያስፈልጋችሁ ስፋትም በአሥር ያንሳል። ስስም ነው፣ ትንሽም ነው። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁ ብረት በአሥር ሳይሆን በመቶ ይቀንሳል!

በቁጥር እንየው። አንድ ካሬ ሜትር ስፋትና 5 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ሽፋን 60 ግራም ያህል ፓላዲየም ይፈልጋል። 50 ማይክሮሜትር ከሆነ ግን ያንኑ ሃይድሮጅን ለማሳለፍ አሥር ካሬ ሜትርና 6 ኪሎ ፓላዲየም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ዋጋው ከወርቅ በልጦ ለነበረ ብረት ይህ ልዩነት ቀልድ አይደለም።

እሺ፣ አንድ ማይክሮሜትር ብናደርገውስ? ሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛ፣ እንዲህ የሳሳ ነገር ራሱን ችሎ አይቆምም። ጥቃቅን ቀዳዳዎች ባሉት የሴራሚክ ወይም የብረት ቱቦ ላይ ይለበጣል፤ ሽፋኑ ሲሳሳ ደግሞ የቱቦውን ሸካራነት ሞልቶ አይዘጋም፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ክፍተት ይቀራል። አንዲት ክፍተት ካለች ሁሉም ጋዝ ይገባባታል። የምንፈትነው በሂሊየም ወይም በናይትሮጅን ነው፤ ከወዲያ ማዶ ከተገኙ ሽፋኑ ያፈስሳል። ሁለተኛ፣ መንገዱ በጣም ካጠረ ጊዜ የሚወስደው መሻገሩ መሆኑ ይቀራል፤ ወረፋው ወደ ዳርቻው ይዛወራል። ታንኳ ላይ መውጣቱና መውረዱ፣ ማለት መለያየቱና መጣመሩ ወሳኝ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ማሳሳት ብዙም አይጠቅምም፣ የዳግም ዘሩ ሕግም መዛባት ይጀምራል።

የሰበርኳት ሜምብሬን

አሁን ወደ ኑዛዜዬ። አንዲት ሜምብሬን ሠርቼ ለወራት ስፈትናት ነበር። በ400 ዲግሪ ግሩም ትሠራለች፤ ናይትሮጅን ጠብ አይልባትም። አንድ ቀን ማታ ደክሞኝ ስለነበር ምድጃውን አጠፋሁና ሃይድሮጅኑን ውስጧ ትቼ ወጣሁ። ጠዋት ስመጣ ናይትሮጅን እንደ ልቡ ያልፋል። በማይክሮስኮፕ ሳያት ገጿ ተጨማዷል፣ ተሰነጣጥቋል።

ምን ሆነ? ክረምት ላይ የእንጨት በር ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ፣ አልዘጋም ሲል አይታችኋል? ፓላዲየምም ሃይድሮጅን ሲጠጣ ያብጣል። ከ300 ዲግሪ ገደማ በላይ እስከሆነ ድረስ እብጠቱ ቀስ በቀስና እኩል ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ ግን እንደ ግፊቱ መጠን ብረቱ በድንገት ሁለት ጠባይ ይይዛል። አንዱ ክፍል ጥቂት ሃይድሮጅን ይዞ ይቀራል፣ ጎረቤቱ ደግሞ በብዛት ጠጥቶ በይዘት 10 በመቶ ገደማ ያብጣል። ያበጠውና ያላበጠው ጎን ለጎን ተጣብቀው ይጓተታሉ። ስስ ሽፋን ይህን ጉተታ አይችልም።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ሥርዓት መያዝ ነው፦ ከማቀዝቀዝ በፊት ሃይድሮጅኑን በናይትሮጅን ጠርጎ ማውጣት። እኔ የዘለልኩት እሱን ነው። ሁለተኛው ብር መቀየጥ ነው። ከመቶ 23 እስከ 25 የሚሆን ብር የተቀየጠበት ፓላዲየም ይህ ድንገተኛ እብጠት የሚነሣበት ሙቀት በጣም ይወርድለታል። ሃይድሮጅንም ከንጹሑ ፓላዲየም በበለጠ ፍጥነት ያልፍበታል።

ለእኛ አገር ይህ የላብራቶሪ ወሬ ብቻ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ምድጃውም ይቀዘቅዛል፤ የእኔን ስሕተት መብራቱ ራሱ ይደግመዋል ማለት ነው። ስለዚህ እዚህ የሚተከል መሣሪያ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በራሱ ሃይድሮጅኑን የሚዘጋና ናይትሮጅኑን የሚከፍት ቫልቭ ሊኖረው ይገባል። በስፕሪንግ የሚሠራ፣ ኃይል የማይፈልግ። ዋጋው ከተሰነጠቀ ሜምብሬን በእጅጉ ያንሳል።

እምቦጭ፣ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ እና ዝገት

ጣና ላይ እምቦጭ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተንሳፋፊ አረም ሲሆን በሚመቸው ቦታ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዓሣ አጥማጁን መረቡን መጣያ ያሳጣዋል፣ የገበሬውን ዳርቻ ይይዛል። ተለቅሞ የወጣው ክምር አየር በሌለበት ጋን ውስጥ ከበሰበሰ ግን ባዮጋዝ ይሰጣል፤ ከግማሽ በላዩ ሚቴን፣ የቀረው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ።

እዚህ ላይ ግልጽ እንሁን። ባዮጋዙን የምትፈልጉት ወጥ ለመሥራት ከሆነ በቀጥታ አንድዱት። ወደ ሃይድሮጅን መቀየር ድካምና የኃይል ብክነት ነው። ከክብደቱ ከመቶ ዘጠና ያህሉ ውሃ የሆነን አረም ማጓጓዝም ቀላል አይደለም። ሃይድሮጅን የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ሊተካው በማይችልበት ቦታ ነው። ከባሕር ዳር ወጣ ብላችሁ በመራዊ በኩል ስታልፉ የምታዩት በቆሎ ዩሪያ ይፈልጋል። ዩሪያ ከአሞኒያ ይሠራል፣ አሞኒያ ደግሞ ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን። ናይትሮጅኑ በአየር ውስጥ ሞልቷል። የጎደለው ሃይድሮጅን ነው፤ ገበሬው በጅቡቲ በኩል የሚመጣ ማዳበሪያ የሚጠብቀውም በሌላ አገር ሃይድሮጅን ስለተሠራ ነው።

ሚቴንን ከውሃ እንፋሎት ጋር ብታሞቁት ሃይድሮጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። በተለመደው ፋብሪካ ይህ ከ700 እስከ 900 ዲግሪ ይፈልጋል። ምላሹ ወደኋላም ስለሚሄድ ሃይድሮጅኑ ሲጠራቀም ሥራው ይቆማል። ምንጭ ጉድጓዱ ሲሞላ መፍሰሱን እንደሚያቆም አስቡት፤ ከቀዳችሁለት ግን ይቀጥላል። ፓላዲየሙን እዚያው ምላሹ ውስጥ ካስገባችሁት ሃይድሮጅኑን እየቀዳ ያወጣዋል፣ ምላሹም ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ባለ ሙቀት ወደፊት ይገፋል። አንዱ ዕቃ ሁለት ሥራ ሠራ፤ አመረተም አጣራም።

የማጣራቱ ነገር በተለይ ለፊውል ሴል ወሳኝ ነው። ለተሽከርካሪ ፊውል ሴል የሚቀርብ ሃይድሮጅን ዓለም አቀፍ መለኪያ አለው፤ ከ10 ሚሊዮን ሞለኪውል ውስጥ የሚፈቀደው ካርቦን ሞኖክሳይድ 2 ብቻ ነው። ቀዳዳ የሌለው የፓላዲየም ሽፋን ይህን በአንድ ርምጃ ያሟላል። ለትልቅ የማዳበሪያ ፋብሪካ ግን ፓላዲየም ውድ ነው፤ እዚያ በግፊት ጋዞችን የሚይዙና የሚለቁ ማጣሪያዎች ያሸንፋሉ። የፓላዲየም ቦታው ትንሽ፣ ንጹሕና በአንድ ስፍራ የተሰባሰበ ሥራ ነው።

አንድ ጠላት ግን ቀርቷል። የሚበሰብስ ተክል እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣል፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል። በውስጡ ያለው ድኝ ፓላዲየሙ ገጽ ላይ ይጣበቅና ታንኳዎቹን በሙሉ ይይዛቸዋል። ሃይድሮጅኑ ዳር ላይ ቆሞ ይቀራል። መከላከያው ምን ይመስላችኋል? ዝገት! ጋዙን አስቀድሞ በዛገ የብረት ፍቅፋቂ በተሞላ ቱቦ ብታሳልፉት ዝገቱ ድኙን ይይዝላችኋል። ከወርቅ ጋር የሚፎካከረውን ብረት በጋራዥ መጥረጊያ የሚጣለው ብረት ይጠብቀዋል።

እንግዲህ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁና እንለያይ። ቅድም በ4 ባር ስንሠራ ባሕር ዳር ጅቡቲን በ10 በመቶ በለጠች። ግፊቱን 9 ባር አድርጉና እንደገና አስሉት። ጥቅሙ ያድጋል ወይስ ያንሳል? ቁጥሩን ካገኛችሁ በኋላ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለታናሽ እኅታችሁ ወይም ወንድማችሁ ያለ ቀመር፣ በታንኳ ብቻ ለማስረዳት ሞክሩ። እኔ እስካሁን የሚያረካኝን አገላለጽ እየፈለግሁ ነው።